ተደብቆ የሚወጣው የስልክ ቁልፍና የመሥሪያ ቤት መልእክት



በዚህ የአንባብያን ዓምድ ስለ ውሃ፣ ስለ መብራትና ስለ መንገድ ብዙ ይጻፋል። እኔ ዛሬ ላመለክት የፈለግሁት ግን በየኪሳችን ይዘነው ስለምንዞረው የእጅ ስልክ፣ ይልቁንም ሲፈልጉት ወጥቶ ሳይፈልጉት ስለሚደበቀው የጽሕፈት ቁልፉ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታይም የመንግሥትን ሥራና ባለጉዳይን የሚነካ ስለሆነ፣ ጥቂት ቦታ እንዲሰጠኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አሳቤ ይኸውና። ዛሬ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛውና ለባለጉዳዩ በስልክ የሚልኩት መልእክት፣ ቋንቋው አማርኛ ሆኖ ሳለ ፊደሉ ላቲን ነው። ይህ ልማድ ሲጀመር በቂ ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱ ግን ካለቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ልማዱ ብቻ ቀርቶ እየጎዳን ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። የእጅ ስልክ በአገራችን፣ ያውም በአዲስ አበባ ብቻ፣ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የነበሩት ስልኮች አብዛኞቹ ቁልፋቸው በፊታቸው ላይ ተደርድሮ የሚታይ ነበር። ፋብሪካዎቹ ግን ስልኩን ለማሳጠርና ቁልፉ ኪስ ውስጥ ሳይታሰብ እንዳይነካ ለመከላከል ልዩ ልዩ ዘዴ ይሞክሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ኖኪያ 8110 ወደ ታች የሚንሸራተት ክዳን ነበረው። በ1999 የተከተለው ኖኪያ 7110 ደግሞ አንዲት ቁልፍ ሲጫኑለት ክዳኑ በሞላ ተስፈንጥሮ ይወርድ ነበር። ቆይቶም የጽሕፈት መኪናን ቁልፍ በሙሉ ከመስታወቱ ሥር ደብቆ፣ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ተስቦ የሚወጣለት ስልክ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኤችቲሲ የተባለው ድርጅት ሠርቶ ለገበያ ያቀረበው ጂ1፣ ማለትም የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ፣ ከዚህ ወገን ነው። የሚያስገርመው ይህ ስልክ ሲወለድ በመስታወቱ ላይ የሚጻፍበት ሰሌዳ ጨርሶ አልነበረውም፤ መሳቢያው ካልተከፈተ በቀር አንዲት ቃል እንኳ መጻፍ አይቻልም ነበር። የመስታወቱ ሰሌዳ የተጨመረለት በሚቀጥለው ዓመት ነው።

በበኩሌ መሳቢያ ያለውን ስልክ እወደው እንደ ነበር አልሸሽግም። ጣት ቁልፉን በመዳሰስ ያውቀዋል፤ ዓይን የደከመ ሰውም ቢሆን የቁልፉን ጠርዝ እየዳበሰ መጻፍ ይችላል። መስታወት ግን ሁሉም ቦታ ልሙጥ ስለሆነ፣ ጣት የት እንዳረፈ የሚያውቀው ዓይን ሲያይ ብቻ ነው። ሆኖም መሳቢያው ስልኩን ያወፍረዋል፤ አቧራም ያስገባል፤ ከሁሉ ይልቅ የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል የምታገናኘው እንደ ጥብጣብ የሳሳች ሽቦ፣ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስትታጠፍ ስትዘረጋ ትበጠሳለች። ስለዚህ ይህ ዓይነቱ ስልክ ዕድሜው ሳይረዝም ከገበያ ወጣ።

አሁን ወደ ፊደላችን ልምጣ። ቁልፉ በክዳን ቢሸፈንም፣ በመሳቢያ ቢደበቅም፣ በፕላስቲክ የተቀረጸ ነበርና ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን ፊደል ይዞ ይሞታል። የላቲን ፊደል 26 ስለሆነ በአንድ መሳቢያ ይበቃዋል። የእኛ ግን 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹን ገና አልቈጠርንም። ከእኛ መካከል በዕድሜ የገፋን የመሥሪያ ቤት ሰዎች ይህ ችግር አዲስ እንዳልሆነ እናስታውሳለን። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት በደከሙ ጊዜ የተጋፈጡት ይህንኑ ነበር። ከዚያ ወዲህም በየቢሮው ሲያንኳኩ የኖሩት የጽሕፈት መኪናዎች ፊደሉን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ እየመቱ የሚያጋጥሙ ነበሩ። የሚወጣውም ጽሑፍ አንዳንዴ እግሩ ከገላው የተለየ ይመስል ነበር፤ ቢሆንም አማርኛ ነበር፤ ሰውም አንብቦ ይረዳው ነበር። የእጅ ስልኩ ሲመጣ ግን አብዛኛው ለዚህ ያህል እንኳ አልተዘጋጀም ነበርና ሰው ሁሉ በላቲን መጻፍ ጀመረ።

ሌላም ምክንያት ነበረ፤ ይኸውም ገንዘብ ነው። አንድ አጭር የስልክ መልእክት የሚይዘው 1,120 ቢት ነው። የላቲን ፊደል እያንዳንዱ 7 ቢት ስለሚበቃው 160 ይገባል፤ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ 16 ቢት ስለሚፈልግ 70 ብቻ ይገባል። በዚህ ምክንያት «በአማርኛ ፊደል መጻፍ ያስከፍላል» ሲባል ኖሯል። ነገር ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ያደረሰው ጥቂት ሰው ነው። «ጉዱማሌ» በእኛ ፊደል 4 ሲሆን በላቲን 8 ነው፤ «ሐዋሳ» 3 ሲሆን በላቲን 7 ነው፤ «መሥሪያ ቤት» በመካከሉ ያለው ክፍት ቦታ ጭምር 7 ሲሆን በላቲን 11 ይሆናል። አንዱ ፊደላችን ድምፁንና አናባቢውን አብሮ ስለሚሸከም፣ ልዩነቱ እንደሚወራው ያህል አይደለም። በዚያ ላይ ዛሬ የመሥሪያ ቤት መልእክት በአብዛኛው የሚላከው በቴሌግራምና ይህን በመሰለ መንገድ ስለሆነ፣ የ70 እና የ160 ነገር እዚያ ቦታ የለውም።

ነገሩን ከሥሩ የለወጠው የመስታወት ስልክ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ስቲቭ ጆብስ አይፎንን ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ፣ በሌሎቹ ስልኮች ላይ ያነሣው ነቀፌታ ቁልፎቻቸው ቢፈለጉም ባይፈለጉም በፕላስቲክ ተተክለው መቅረታቸውን ነበር። በእርሱ ስልክ ላይ ቁልፉ ሥዕል ብቻ ነው፤ ለመጻፍ ሲፈለግ ከታች ብቅ ይላል፤ ሲጨረስ ይሰወራል። ሥዕል ከሆነ ደግሞ ማንኛውንም ፊደል መሣል ይቻላል። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ነው። አንዱ ሰሌዳ ግዕዙን ሲነኩት ሰባቱን ቤት ደርድሮ ያቀርባል፤ ሌላው በድምፅ እየጻፉ ወደ ፊደል ይመልሳል። በነፃ የሚገኙም አሉ። እንግዲህ ለላቲኑ የተመቸውን ያህል ለእኛም የተመቸን ቁልፉ መደበቅ ከቻለ ወዲህ መሆኑ ነው። ለሺህ ዘመን ፊደል የኖረው ሕዝብ ከዚህ ዕቃ ከማንም ይበልጥ የሚጠቀም ነበር።

ይህ ሁሉ ሳለ ከአለቃ የሚመጣው መልእክት ምን ይመስላል? በላቲን «ጠ»ና «ተ» በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፤ «ቀ»ና «ከ»ም ብዙ ሰው በአንድ ይጽፋቸዋል። ስለዚህ «ኀላፊው መጣ» እና «ኀላፊው መታ» አንድ ይሆናሉ። አንድ ባልደረባ «ከሰሰ» ተብሎ የተጻፈውን «ቀሰሰ» ብሎ ቢያነበው፣ ሰውየውን ከፍርድ ቤት አውጥቶ ቤተ ክርስቲያን አስገባው ማለት ነው። ሣቅ ብለን ልናልፈው እንችላለን፤ ግን የቀጠሮ ጊዜ፣ የዝውውር ትእዛዝ፣ የሚቀርብ ሰነድ ዝርዝር በዚህ መልክ ሲመጣ ሣቁ ይጠፋል።

በሐዋሳ ከሐይቁ ዳር፣ ፊቼ ጨምበላላ በሚከበርበት በጉዱማሌ፣ ከሥራ በኋላ አረፍ ማለት ልማዴ ነው። አንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ በጡረታ የተገለሉ አባት ስልካቸውን ዘርግተው «ልጄ፣ ከመሥሪያ ቤት የመጣ ነው መሰለኝ፤ እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። ፊደል የማያውቁ መስሎኝ ነበር። «በመሠረተ ትምህርት ተምሬ የምስክር ወረቀት አለኝ፤ ይህ ግን የፈረንጅ ነው» አሉኝ። ተቀብዬ ባየው አማርኛ ነው! ማንነትን የሚያረጋግጥ ሰነድ ይዘው እንዲቀርቡ የሚጠራ፣ ቀኑም በማግሥቱ የሆነ መልእክት ነበር። አስቡት፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሃይምነት ማጥፊያ ዘመቻ ስንት ወጣት በየገጠሩ ወርዶ፣ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች፣ ሲዳምኛ ጭምር፣ በፊደላችን ሕዝብ አስተምሯል። አንድ ጸሐፊ የስልኩን ሰሌዳ መለወጥ ስለ ታከተው ብቻ፣ ያ ሁሉ የተለፋበት ሰው በስተርጅናው ተመልሶ መሃይም ይሆናል። የሚያነብለት ካላገኘም መብቱ ያመልጠዋል።

ይህን ስል የላቲንን ፊደል መጥላቴ እንዳይመስል እለምናለሁ። እዚህ በከተማችን ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ከተለመደም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ለዚያ ቋንቋ የገዛ ፊደሉ ነው፤ ሥርዓትም አለው። አናባቢው ሲረዝም፣ ተነባቢውም ሲጠብቅ እጥፍ ይጻፋል፤ የቋንቋው ስም ራሱ ሁለት እጥፍ አናባቢዎች አሉበት። እዚህ ላይ ደግሞ ስልኩ ሌላ በደል ይሠራል፤ ሰሌዳው በእንግሊዝኛ ላይ ተቀምጦ እንደ ሆነ፣ በራሱ የሚያርመው መሣሪያ እጥፉን ስሕተት ነው ብሎ ይቀንሰዋል፤ ወይም ቃሉን ወደ ማይገናኝ እንግሊዝኛ ይለውጠዋል። የፊቼን ቀን ኮከብ ተመልክተው የሚወስኑት አያንቶዎች ናቸው፤ ውሳኔው ለጎሳዎቹ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሰው ልጅ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ይህ በዓል ዛሬ ዜናው በስልክም ይዞራል። እንዲህ ያለውን ነገር በተበላሸ አጻጻፍ ማስተላለፍ ለሁለቱም ቋንቋ ነውር ነው። ስለዚህ በሐዋሳ የሚሠራ ሠራተኛ ስልክ ሁለት ሰሌዳ ሊኖረው ይገባል፤ አንዱ ለአማርኛ፣ ሌላው የእንግሊዝኛ ማረሚያው ተዘግቶ ለሲዳሙ አፎ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር የሉል ሥዕል ያለባትን ቁልፍ አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል።

«በፊደል መጻፍ ይዘገያል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ይዘገያል። የጽሕፈት መኪና የተማረ ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ወር እንዴት እንዳሳለፈ ይጠየቅ። ደግሞም ጸሐፊው ያተረፋት አንዲት ደቂቃ፣ መልእክቱ ለ200 ሰው ሲደርስ፣ እያንዳንዱ ቆም ብሎ ሲፈታው ስንት ደቂቃ እንደምትሆን ይታሰብ። ወጣቶች እርስ በርሳቸው ስለሚላላኩት ግን ምንም አልልም፤ የፍቅር ደብዳቤ በምንም ፊደል ቢጻፍ ተቀባዩ አይሳሳተውም።

የመዝገብ ቤት ሰዎች ደግሞ ይህን በተለይ እንዲያስቡት እፈልጋለሁ። ቀድሞ ትእዛዝ በቁጥርና በማኅተም ይመጣ ነበር፤ ዛሬ ብዙው በስልክ ይነገርና በኋላ «ተነግሮሃል፣ አልተነገረኝም» የሚል ክርክር ያስነሣል። መልእክቱን መልሶ ለማግኘት በስልኩ መፈለጊያ «ዝውውር» ብለን በፊደል ብንጽፍ፣ በላቲን የተጻፈው አይወጣም። በላቲን እንፈልገው ብንል ደግሞ ጸሐፊው ያን ቀን በምን አጻጻፍ እንደ ጻፈው ማን ያውቃል? አንዱን ቃል ሦስት ሰው በሦስት ዓይነት ይጽፈዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መልእክት ተልኳል እንጂ ተመዝግቧል ለማለት አይቻልም።

ስለዚህ የየመሥሪያ ቤቱ ኀላፊዎች እንዲያስቡበት የምጠይቀው ብዙ ወጪ የሌለው ነገር ነው። ለሥራ የሚገዛ ስልክና ታብሌት ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት ፊደሉ ይጫንበት፤ ገቢ የሚያደርገው ንብረት ክፍል እንደ ባትሪውና እንደ ቻርጀሩ ሁሉ ይህንንም አይቶ ይፈርም። ሰሌዳው እንዴት እንደሚጨመር ለማያውቅ ሠራተኛ፣ ከመካከላችን የሚያውቅ አንድ ወጣት ግማሽ ሰዓት ቢያሳየን ያበቃል። ከሁሉ በፊት ግን አለቆች ራሳቸው ይጀምሩ፤ አለቃው በላቲን እየጻፈ ጸሐፊው በፊደል ይጻፍ ማለት አይሆንም። ተቀባዩ በዕድሜ የገፋ ወይም ቁልፉ የማይደበቅ የቀድሞው ዓይነት ስልክ የያዘ ሲሆን ደግሞ፣ ያ ስልክ ፊደላችንን ማሳየት አለማሳየቱን መጠየቅ፣ ካላሳየም በድምፅ ደውሎ መንገርና ማስታወቂያውን በሰሌዳ ላይ መለጠፍ ተገቢ ነው።

በሌሎች ከተሞች የሚገኙ መሥሪያ ቤቶች ይህን ሥርዓት ካስያዙት፣ በተለይም መዝገብ ቤታቸው የስልክ መልእክትን ከፋይል ጋር እንዴት እንደሚያያይዘው፣ በዚሁ ዓምድ ቢጽፉልን እኛም እዚህ እንሞክረዋለን።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከጉዱማሌ፣ ሐዋሳ