«የመጀመሪያዋ» መባል ብቻውን አይበቃም

ዩናይትድ ስቴትስ በ50 ግዛቶች የተዋቀረች አገር ናት። በየግዛቱ የአስፈጻሚነቱን ሥልጣን የሚይዘው በሕዝብ የሚመረጥ አገረ ገዥ ሲሆን፣ እርሱም ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ይፈርማል ወይም አልፈርምም ብሎ ይመልሳል፤ አደጋ ሲደርስም የግዛቱን ዘብ ያዛል። እንዲህ ያለውን ከባድ ኃላፊነት ሴት ስትይዘው ብዙ ሰው የሚጠይቀው «የመጀመሪያዋ ማን ናት?» ብሎ ነው። እኔ ግን ጥያቄው በዚህ ሊያበቃ አይገባም እላለሁ።

እስቲ የዋዮሚንግን ታሪክ ልብ በሉ። የዚያች ግዛት ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1869 ሲሆን፣ ይኸውም መብቱ በ1920 ለመላው አገሪቱ ከመታወጁ 51 ዓመት ቀድሞ ነው። ወይዘሮ ኔሊ ቴይሎ ሮስም በሥልጣን ላይ ሳሉ በሞቱት ባለቤታቸው ምትክ ተመርጠው፣ በ1925 በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት አገረ ገዥ ሆኑ። ይሁንና በ1926 እንደገና ተወዳድረው ተሸነፉ፤ ከዚያም እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ፍጻሜ ድረስ ዋዮሚንግ ሌላ ሴት ለዚህ መንበር አልመረጠችም። እንግዲህ በር መክፈት አንድ ነገር ነው፤ በሩ ተከፍቶ እንዲቆይ ማድረግ ግን ሌላ ነው።

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚሉ ሰዎች፣ ወይዘሮ ሚርያም ፈርግሰንና ወይዘሮ ለርሊን ዋላስ ሥልጣን የያዙት ለባሎቻቸው ሽፋን ለመሆን ነው ይሉ ይሆናል። በእርግጥም የቴክሳሷ ወይዘሮ ፈርግሰን በ1925 መንበሩን የያዙት፣ ባለቤታቸው በ1917 ከሥልጣን ተሽረው ዳግም እንዳይሾሙ ስለ ታገዱ ነው። የአላባማዋ ወይዘሮ ዋላስም በ1967 የተተኩት፣ ሕጉ ባለቤታቸው በተከታታይ እንዲገዙ ስላልፈቀደ ነው። ነገር ግን ወይዘሮ ዋላስ የአእምሮ ሕሙማን የሚኖሩባቸውን ተቋሞች ጎብኝተው፣ ባዩት ነገር አዝነው፣ ለሕሙማኑ ገንዘብ እንዲመደብ ታግለዋል። ስለዚህ አንዲት መሪ የገባችበት በር ሥራዋን ሁሉ አይወስንም።

ወይዘሮ ኤላ ግራሶ ደግሞ በ1975 የኮነቲከትን መንበር የያዙት፣ የቀድሞ አገረ ገዥ ሚስት ወይም መበለት ሳይሆኑ ነው። በ1978 ብርቱ የበረዶ ማዕበል በመጣ ጊዜ የግዛቱን መንገዶች ዘግተው የነፍስ አድኑን ሥራ መርተዋል። በዚያው ዓመት ሕዝቡ ዳግም መረጣቸው። ይህ ሁለተኛው ምርጫ ከመጀመሪያው ይልቅ ይናገራል፤ ሕዝቡ የዳኘው ያየውን ሥራ ነውና።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን አሪዞና ናት። ከ1988 እስከ 2023 ባለው ጊዜ አምስት ሴቶች የአገረ ገዥነቱን መንበር ይዘዋል፤ ሦስቱ ከዴሞክራቲክ፣ ሁለቱ ከሪፐብሊካን ፓርቲ ናቸው። በአሳብ የማይስማሙ ሴቶች በአንድ መንበር ላይ ሲፈራረቁ፣ የሕዝቡ ክርክር ከጾታ ወደ ሥራ ለመዞር ይችላል።

ስለዚህ፣ ተማሪዎች ሆይ፣ ስለ አንዲት «የመጀመሪያ» ሴት ስትሰሙ አድንቁ፤ ነገር ግን ሁለት ጥያቄ ጨምሩ። በሥልጣኗ ምን ሠራችበት? ከእርሷስ በኋላ እነማን ተከተሉ? አንድ ሰው ሲያልፍ የሚቀረው ዱካ ብቻ ነው፤ ብዙዎች ሲመላለሱበት ግን መንገድ ይሆናል።