ያልጠፋችውን ማን አገኛት?

ከሦስት ወዳጆቼ ጋር ሮምን ስንዞር ዋልን፤ እግራችን እስኪያብጥ! አንደኛው ጓደኛችን በየፍርስራሹ ፊት እየቆመ ያሠራውን ንጉሥና ዘመኑን ይቆጥርልናል። በ1937 እ.ኤ.አ. የአክሱም ሐውልት ወደተተከለበት አደባባይ ስንደርስማ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ወዳገሩ መመለሱን እያነሣን ደረታችንን ነፋን።

ማታ ቡና ላይ «ለመሆኑ ቤተ ልሔምን ታውቃታለህ?» አልኩት።

«ጌታ የተወለደባትን?»

«ጋይንት ያለችውን ነው የምልህ!»

«እ… ያ እንግሊዛዊ ያገኛት!»

ይኸውላችሁ! «ያገኛት» የምትለዋ ቃል ናት የምታንገበግበኝ። ቶማስ ፓከንሃም በ1950ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. እዚያ ደርሶ፣ በክቡ የሣር ክዳን ሥር ተሸሽጎ የኖረውን ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አይቶ ጽፏል። ይመስገን፤ ባይጽፈው ኖሮ የኛ ምሁር ስሟንም ባልሰማ ነበር። ግን ጠፍታ ነበር እንዴ? ቤተ ልሔም እኮ የድጓ ምስክር ቤት ናት። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ ለምኖ እየበላ፣ ድጓውን በገዛ እጁ ገልብጦ ለማስመስከር ከጎጃምም ከወሎም የሚተመው ወደ እሷ ነው። ያውም ያለ ካርታ! እሱ «አገኘሁ» አላለም፤ መምህር ሆኖ ወጣ እንጂ። እኛ ዘመናዊዎቹ ግን ፈረንጅ ያላየውን ነገር እንደሌለ እንቆጥረዋለን።

ወዳጄ ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ ቆየና፣ «አንተስ ሄደህ ታውቃለህ?» አለኝ።

አስተናጋጁን ጠርቼ ሒሳብ አልኩት።