ደረሰኝ የሌለው ስድስት ጎራሽ

አቀስታ ላይ በግ ገዢ ጥርሱን ሳያይ፣ ላቱን ሳይዳስስ ብር አይቆጥርም። ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ገዢው ግን ከጋቢ ሥር የወጣለትን «አዲስ ነው» ሲሉት አምኖ ይዞ ይሄዳል። ላስፈትሸው ቢልስ የት? ጥይት መያዣው ሲዞር ቀዳዳው ከአፈሙዙ ጋር ልክ ካልገጠመ እርሳሱ እየተላጨ በጎን ይረጫል፤ ጉዳቱም አጠገብ ለቆመው ይተርፋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለዕቃው ጉድለት ተጠያቂ ያደርጋል። ያለፈቃድ መሣሪያ መነገድ ግን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወንጀል ነውና ከሳሹም አብሮ ተከሳሽ ነው! (ደረሰኝማ ማን ጠይቆ?) እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1813 በርሚንግሃም ላይ የመሣሪያ መፈተሻ ቤት ያቋቋሙት፣ በጠንካራ ጥይት ተፈትኖ ማኅተም ያልተመታበት መሣሪያ ለገበያ እንዳይቀርብ ነው። የእኛም ፈቃድ ሰጪ ቁጥሩን ሲመዘግብ አሠራሩንም አብሮ ቢፈትሽ ምን አለበት?