ዋርኒንግ ማጥፋትና ችግሩን ማስተካከል ለየቅል ናቸው

የድሮ ተማሪዎቼ ሰሞኑን በኢንቦክስ «ቲቸር፣ ሊኑክስ ከርነል ላይ ፓች ላክሁ!» እያላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ግን «ምን አስተካከላችሁ?» ስል መልሱ አንድ ነው፦ «ዋርኒንጉን አጠፋሁት።» እኔን የምታናድደኝ ይቺ «አጠፋሁት» የምትባል ቃል ናት።

«ዋርኒንግ ማስተካከል የጀማሪ ሥራ ነው፣ ጽዳት ነው» እያሉ ከሚያጣጥሉት ጋር አይደለሁም። ከርነሉ ውስጥ ስቴጂንግ የሚባለው ክፍል የተቀመጠው እኮ ገና ያልበሰሉ ድራይቨሮች እየታረሙ እንዲያድጉበት ነው። ለጀማሪ ጥሩ በር ነው። ጠቤ ከሥራው ጋር ሳይሆን ከአሠራሩ ጋር ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ኮምፓይለሩ አንድ ድራይቨር ላይ «ይህ ቫሪያብል ዋጋ ሳይሰጠው ሊነበብ ይችላል» አለ እንበል። ብዙው ሰው ምን ያደርጋል? ወደ ላይ ወጥቶ ቫሪያብሉን 0 ያደርገዋል። ዋርኒንጉ ጠፋ፣ ፓቹ ተላከ፣ ስክሪንሾቱ ተለጠፈ። ቆይ እንጂ! ከርነል ውስጥ ብዙ ፋንክሽኖች 0 ሲመልሱ «ተሳክቷል» ማለታቸው ነው፤ ስህተት ሲኖር ነው ከ0 በታች የሚመልሱት። ስለዚህ ያ ፋንክሽን ከመሣሪያው ምንም ሳያነብ ቢወጣም «ሁሉ ሰላም ነው» እያለ ይዋሻል። በፊት ቢያንስ ኮምፓይለሩ ይጮህ ነበር። አሁን የውሻውን አፍ አስራችሁ ለሌባው በሩን ከፈታችሁለት።

«ቲቸር አካበድከው» የምትሉ፣ ዴቢያን የደረሰበትን አንብቡ። ጉዳዩ የድራይቨር አይደለም፣ የጮኸውም ኮምፓይለር ሳይሆን ቫልግራይንድ የሚባል መመርመሪያ ነው፤ በሽታው ግን ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ማስጠንቀቂያው እንዲቆም ተብሎ ከኦፕንኤስኤስኤል ላይ ትንሽ ኮድ ተነሳ። ማስጠንቀቂያው ቆመ። የምስጢር ቁልፍ የሚሠራው ክፍል ግን የዘፈቀደ ምንጩን አጣ፤ የቀረለት የፕሮሰስ ቁጥር ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ቢበዛ 32,768 አማራጭ ነው፤ ኮምፒውተር ቁጭ ብሎ ሊቆጥረው ይችላል። ነገሩ የታወቀው በ2008 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው በሩን የቆለፈ መስሎት ተኛ።

ዋርኒንግ ጥያቄ ነው። ለጥያቄ መልስ ይሰጠዋል እንጂ አፉ አይዘጋም። ቫሪያብሉ በየትኛው መንገድ ሲሄድ ነው ባዶ የሚቀረው? እዚያ ቦታ መመለስ ያለበት 0 ነው ወይስ የስህተት ቁጥር? ኮምፓይለሩ ተሳስቶም ከሆነ ለምን እንደተሳሳተ በፓቹ መግለጫ ላይ ጻፉ። መሣሪያው እጃችሁ ላይ ከሌለ «ኮምፓይል ብቻ አድርጌ ነው የሞከርኩት» በሉ። ይሄ ነውር አይደለም፤ የከርነል ሰዎችም ይጽፉታል። ነውሩ ሳይገባችሁ የገባችሁ መምሰል ነው።

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ስማችሁ ከርነሉ ውስጥ እንዲገባ መፈለጋችሁን አልቃወምም። ግን ስማችሁ የሚቀመጠው ከኮዱ ጋር ነው፤ ነገ ድራይቨሩ ሲበላሽ ያቺን መስመር የሚከፍታት ሰው መጀመሪያ የሚያየው የናንተን ስም ነው።