ያላለቀሰች ሁሉ አላዘነችምን?

ሐዘን የሚለካው በእንባ ብዛት ነው የሚል ሰው ካለ «ሞርቨርን ካላር» የተባለውን የብሪታንያ ፊልም ተመልክቶ ሐሳቡን እንደ ገና ይመርምር። ፊልሙ በሊን ራምሴ አዘጋጅነት ተሠርቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. በካን ከታየ ወዲህ ሐያስያንን ሲያከራክር ኖሮአል። የዋናዋን ተዋናይት የሳማንታ ሞርተንን ችሎታ ብዙዎቹ አመስግነዋል፤ በዚያው ዓመትም የብሪታንያ ነጻ ፊልሞች ሽልማትን በምርጥ ተዋናይትነት ተቀብላለች። ክርክሩ ያለው ስለ ልጅቱ ልብ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ሞርቨርን በስኮትላንድ በአንዲት የወደብ ከተማ በሱፐርማርኬት ተቀጥራ የምትሠራ ወጣት ናት። በገና ሰሞን ወዳጅዋ በገዛ እጁ ሞቶ ታገኘዋለች። የተወላት ነገር የስንብት ቃል፣ የደረሰው ልብ ወለድ፣ የቀብር ገንዘብና ሙዚቃ የቀዳበት ካሴት ነው። እርስዋ ግን ትቶኝ ሄደ ብላ ሞቱን ትሸሽጋለች። በልብ ወለዱ ላይ ያለውን ስም ሰርዛ የራስዋን ትጽፋለች፤ ሬሳውን ቆራርጣ ከተራራ ላይ ትቀብራለች፤ በቀብሩም ገንዘብ ከባልንጀራዋ ከላና ጋር ወደ እስፓኝ ትሄዳለች።

አንደኛው የሐያስያን ወገን፣ ይህች ልጅ ምን እንደምታስብ ስላልተነገረን ልናዝንላት አንችልም ይላል። ነቀፌታው ጨርሶ መሠረት የለውም አይባልም። ፊልሙ የተወሰደበት የአለን ዎርነር መጽሐፍ በ1995 ዓ.ም. ሲታተም ታሪኩን የምትተርከው ሞርቨርን ራስዋ ነበረች፤ ራምሴ ግን ይህን ትረካ አስቀርታዋለች።

እኔ እንደሚመስለኝ የፊልሙ እውነት ያለው በዚሁ ዝምታ ውስጥ ነው። ተመልካች ዓይኑን ብቻ ሳይሆን ጆሮውንም ይክፈት። ሞርቨርን የጆሮ ማዳመጫዋን ስታደርግ ሙዚቃው አዳራሹን ይሞላል፤ ከውጭ ስናያት ደግሞ ድምፁ እንደ ትንኝ ይቀጥናል። ሟቹ የመረጠላትን ዘፈን በሱፐርማርኬቱ ውስጥ፣ ሬሳውን በምትቆራርጥበት በዚያ አስጨናቂ ሰዓት፣ በመጨረሻም በጭፈራ ቤት በሕዝብ መካከል ለብቻዋ ታዳምጣለች። የሞተ ሰው ድምፅ ከጆሮዋ ያልወጣ ሴት አላዘነችም ማለት እንዴት ይቻላል?

ይኸችው ተዋናይት በ1997 ዓ.ም. በካሪን አድለር «አንደር ዘ ስኪን» ውስጥ እናትዋ የሞተችባትን አይሪስን ሆና ሠርታ ነበር። አይሪስ የእናትዋን ዊግና ካፖርት ለብሳ ከማታውቃቸው ወንዶች ጋር ትገናኛለች። በዚያ ፊልም ግን እናትየዋን በሕይወትዋ ሳለች አይተናታል፤ የሁለቱን እኅትማማቾች መቀናናትም ተመልክተናል፤ ስለዚህ ጥፋቷን ከሐዘኗ ጋር ማያያዝ አልከበደንም። በሞርቨርን ጊዜ ምክንያቱን የሚነግረን ሲጠፋ ፍርዳችን ቸኮለ።

ይህን ስል ሥራዋን ማጽደቄ አይደለም። የሌላውን ድካም በራስ ስም ለአሳታሚ መሸጥ ስርቆት ነው፤ ሟቹ መጽሐፉን የጻፍኩት ለአንቺ ነው ማለቱም ስሙን ለመሰረዝ ፈቃድ አይሆንም። ነገር ግን መበደልና አለማዘን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን በሌላው ማስረጃነት መፍረድ አይገባም።

ጉዳዩ የስኮትላንድ ብቻ እንዳይመስለን። በእኛም አገር በለቅሶ ቤት የሁሉ ዓይን የሚያርፈው በሐዘንተኛዋ ጉንጭ ላይ ነው። ወንድ ዝም ሲል ጽኑ ነው ይባላል፤ ሴት ዝም ስትል ግን ልበ ደንዳና ትባላለች። ከሐያስያኑ ጋር ተከራክረን ከመርታታችን በፊት ይህን ሚዛናችንን እናስተካክል፤ ዝም ያለችውን ለምን አላለቀስሽም ብለን ከመጠየቅ አጠገብዋ መቀመጥ ይሻላል።