ጆሮ ፊደል ሲቈጥር

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ በመስማት ጕድለት ምክንያት የተሐድሶ እርዳታ የሚያሻቸው ሰዎች ከ430 ሚሊዮን እንደሚበልጡ ገልጧል። ከነዚህም ተራው የማዳመጫ መሣሪያ ለማይረዳቸው፣ በውስጠኛው ጆሮ የሚተከል፣ ፈረንጆች ኮክሊያር ኢምፕላንት የሚሉት መሣሪያ አለ። የመጀመሪያው ሙከራ በ1949 ዓ.ም. በፓሪስ ተደረገ፤ ብዙ መስመር ያለው በ1970 ዓ.ም. በሜልቦርን ተተከለ። ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ በቀጥታ ለመስማት ነርቭ ያቀብላል።

ነገር ግን ቀዶ ሕክምናው የሥራው ግማሽ ነው። መሣሪያው ሲከፈት ብዙ ሰው የሚሰማው ቃል ሳይሆን እንግዳ ጩኸት ነው፤ አእምሮ ይህን ከሚያውቀው ቋንቋ ጋራ እስኪያዛምድ ድረስ የብዙ ወራት ልምምድ ይጠይቃል። እንግዲህ ልምምዱ በየትኛው ቋንቋ ይሁን?

በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሚማር የፋርጣ ልጅ ከቤተ ሰቡ ጋራ በአማርኛ ይነጋገራል፤ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይከታተላል። የጋይንት መሪጌታም በአማርኛ ኖሮ በግዕዝ ያዜማል። ሁለቱም ቋንቋዎች ያስፈልጉታል። ሆኖም የአፍ መፍቻው ይቅደም እላለሁ፤ ከንግግር መካከል ያመለጠውን አእምሮ በግምት የሚሞላው አጥብቆ በሚያውቀው ቋንቋ ነውና።

በእንግሊዝኛ የተሰናዳ መልመጃ ‹ቆዳ›ን ከ‹ኮዳ› መለየት አያስተምርም። ‹ገና› ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ‹ሰፊ› ሲላላ ልብስ የሚሰፋ፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ነው። ፊደላችን ይህን አያሳይም፤ ለጆሮ የተተወ ነገር ነው። ደግነቱ መሣሪያው የድምፅን ርዝመት በደኅና ያስተላልፋል፤ ስለዚህ መጥበቅና መላላት በልምምድ የሚያዝ ይመስለኛል።

ዜማ ግን ሌላ ነው። የድምፅን ከፍታና ዝቅታ በማስተላለፍ መሣሪያው ደካማ ነው። በጋይንት ቤተልሔም ድጓ ያስመሰከረ መሪጌታ ቃሉን ለይቶ ዜማውን ሊያጣው ይችላል። ይህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በግልጽ ሊነገረው ይገባል፤ ሳይነገረው የቀረ ሰው ተስፋ ቈርጦ መሣሪያውን አውልቆ ቢያስቀምጥ አይፈረድበትም።

ለጆሮ ልምምድ ደቡብ ጎንደር እንግዳ አይደለም። በንባብ ቤት መምህሩ ያነባል፤ ተማሪው ተቀብሎ ይደግማል፤ ‹ጠብቆ›፣ ‹ላልቶ›፣ ‹ተነሽ›፣ ‹ወዳቂ› እየተባለ ይታረማል። የመስማት ባለሙያ ሥራም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ቃላት ተመርጠው በአካባቢው ሰው አንደበት ቢቀረጹ፣ ለካህናቱም የግዕዝ ንባብ ቢታከል፣ ወጪው ከመሣሪያው ዋጋ ጋራ የሚወዳደር አይደለም።

ቀዶ ሕክምናው በሩቅ ይደረግ፤ ልምምዱ ግን በሰውዬው አገር ሊሆን ይገባል። ለአጭር ልምምድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ አዲስ አበባ መመላለስ ለገበሬ የሚቻል አይደለም። በደብረ ታቦር ሆስፒታል አንድ የሠለጠነ ባለሙያ ቢመደብ፣ ሚስቱ ወይም ልጁ አብራው ገብታ አሠራሩን ብትማር፣ ማታ ማታ ቤት ውስጥ ቃላቱን ታስደግመዋለች።