«ረሳሁ» ያለ ይታመን

የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ሳይውጥ የቀረ ሰው «ረሳሁ» ቢል፣ በብዙዎቻችን ዘንድ ፍርዱ የተዘጋጀ ነው፤ ሰነፍ ነው፣ ለሕይወቱም አይሳሳም እንላለን። በበኩሌ ይህ ፍርድ የችኮላ ነው እላለሁ።

ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ በገባ በጥቂት ሳምንታት አንጎል ይደርሳል። ተሸክመው የሚያደርሱትም ዘበኞቹ ራሳቸው፣ ማለት በሽታን እንዲከላከሉ የተፈጠሩት ነጭ የደም ሕዋሶች ናቸው። የነርቭ ሕዋሶችን እምብዛም አይነካም፤ በአንጎል ውስጥ ያሉትን የጥበቃ ሕዋሶች ግን ይይዛል፣ ያስቈጣልም። የተቈጡት ሕዋሶች የሚረጩት ንጥረ ነገር ነው ነርቭ ከነርቭ የሚገናኝበትን ሥፍራ የሚጎዳው። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያለውን ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ቢያወርደውም፣ ይህ ቍጣ በአንዳንዱ ሰው ላይ ጨርሶ አይበርድም። ብዙ መድኃኒት አቀናጅቶ መስጠት በ1996 እ.ኤ.አ. ከተስፋፋ ወዲህ ከባዱ የአእምሮ መድከም እጅግ ቀንሷል፤ ቀላሉ ግን አልጠፋም። እንግዲህ መርሳቱ መድኃኒቱን ያስቀራል፤ የቀረው መድኃኒት ደግሞ ቫይረሱን መልሶ ያስነሣል። ታዲያ በዚህ ሰው ላይ መጮህ ምን ይፈይዳል?

በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በኡጋንዳ ተሞክሮ የወጣ አጭር ፈተና አለ። ለሰውየው አራት ቃላት ይነገሩታል። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን በአምስት ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚያጋጥም ይቈጠራል። እጁን ጠረጴዛ ላይ ጨብጦ፣ ከዚያ ዘርግቶ፣ ከዚያም በጎን አቁሞ ቶሎ ቶሎ ይደጋግማል፤ በመጨረሻም ቃላቱን ይጠየቃል። ከ12 ነጥብ 10 ወይም ከዚያ በታች ያገኘ ጠለቅ ያለ ምርመራ ያሻዋል። ፊደል ያልቈጠረም ሊፈተነው ይችላል፤ ከሰዓት በቀር መሣሪያ አያስፈልግም።

ፈተናው ቀላሉን ጉዳት አጥርቶ አይለይም የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ድብርትም ሆነ የትምህርት ማነስ ነጥቡን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ መጠርጠሪያ እንጂ መፈረጃ አይሁን። እኔን ይልቁን የሚያሠጋኝ ውጤቱ ከሐኪሙ ክፍል የወጣ እንደ ሆነ ነው፤ አንድ መምህር ወይም ሾፌር «አእምሮው ደክሟል» ተብሎ እንጀራው ሊቋረጥ ነው። የነገ ሐኪሞች የሆናችሁ ጓደኞቼ፣ ወረቀቱን ከሕመምተኛው ካርድ ጋር ቈልፋችሁ አኑሩ፤ የሚረሳውንም ሰው ከመገሠጽ ይልቅ፣ ራሱ የመረጠው የቤት ሰው እንዲያስታውሰው፣ ይህም ባይሆን የሚደውል ሰዓት እንዲይዝ አድርጉ።